ቆሟል እንጂ አልተኛም

(በሰሜን ቨርጂኒያ ለመኪና ወዳጆች ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። ስገባ ውጭ የቆሙትን መኪኖች እያየሁ ነበር። ሁለት ኮርቬት፣ አንድ ሙስታንግ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሽፋን የለበሰች ማዝዳ ሚያታ። ባለቤቶቻቸው እዚህ ስለተቀመጣችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ስለ ፍጥነታቸው አንድ ቃል አይወጣኝም። የማወራው ስለ መቆማቸው ነው።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን በዓመቱ ውስጥ ስልኬ ያለ ዕረፍት የሚጮኽበትን ሳምንት አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ያሳለፈው ሰው ይመለሳል፣ ሻንጣውን ያወርዳል፣ በርበሬውንና ሽሮውን ጓዳ ያስገባል፣ ከዚያ ወደ መኪናው ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ይደውላል። «ጋሼ፣ መኪናዬ ዝም አለችኝ።» ስንት ጊዜ ቆመች ስለው «ስድስት ሳምንት ብቻ» ይለኛል። ዛሬ የመጣሁት ስለዚያች «ብቻ» ለመነጋገር ነው።

ከጥሪዎቹ አንዱን ልንገራችሁ። መኪናው እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል ፖርሽ 911 ነበር፤ በአንድ አፓርታማ ምድር ቤት የቆመ። ባለቤቱ የቁልፉን አዝራር ቢጫን መልስ የለም። በሩን በቁልፉ ብረት አዙሮ ከፈተ። ባትሪው የት እንዳለ ያውቃል፤ የ911 ሞተር ከኋላ ቢሆንም ባትሪው ያለው ከፊተኛው ኮፈን ሥር ነው። ችግሩ፣ ያ ኮፈን የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ከሞተ ኮፈኑ አይከፈትም፤ ኮፈኑ ካልተከፈተ ባትሪው ጋ አይደረስም። የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦ እንደ መቆለፍ ነው።

ስደርስ ካቻቢቴ ይዞ የኮፈኑን ጠርዝ እያየ ነበር። «ወንድሜ፣ እሱን መጀመሪያ አስቀምጠው» አልኩት። በሾፌሩ እግር በኩል፣ በግራ ጥግ ያለውን የፊውዝ ሳጥን ክዳን አነሳሁ። እዚያ ውስጥ ወደ ውጭ የሚሳብ ቀይ ጫፍ አለ፤ አምራቹ ራሱ ለእንዲህ ያለች ቀን ያስቀመጠው ነው። ይዤው ከሄድኩት ባትሪ ፖዘቲቩን ከዚያ ጫፍ፣ ኔጌቲቩን ደግሞ በሩ ሲዘጋ ከሚይዘው ባዶ ብረት ጋር አገናኘሁ። ማንቂያው ወዲያው ጮኸ። ምድር ቤቱ በሙሉ አስተጋባ፤ ነጠላ ጫማ ያደረጉ አንድ ጎረቤት ደረጃው ላይ ብቅ አሉ። አዝራሩን ስንጫን ጩኸቱ ቆመ፤ ኮፈኑም ቀጭ ብሎ ተነሳ። ይህን ልብ በሉ፤ በዚያ ቀይ ጫፍ ኮፈን ይከፈታል እንጂ ሞተር አይነሳም። ሽቦው ቀጭን ነው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የሞተሪኖን ጭነት አይችልም።

በዚህ መሀል ባለቤቱ በሩን ገፋ አድርጎ ሊዘጋ ሲል እጁን ያዝኩት። በእነዚህ መኪኖች በሩ ሲከፈት መስታወቱ ከላይ ካለው የማሸጊያ ጎማ እንዲላቀቅ በራሱ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ባትሪ ሲሞት ዝቅ አይልም። በዚያ ላይ በሩን በኃይል የዘጋ ሰው የባትሪ ችግሩን ወደ መስታወትና የጎማ ችግር ያሳድገዋል።

ባትሪው ላይ ያነበብኩት ከ5 ቮልት በታች ነበር። ለ12 ቮልት ባትሪ ይህ የድካም ሳይሆን የቀብር ቁጥር ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ማን ጠጣው?

ከኋላ ልነሳ። ባትሪ ውሃ እንደ ያዘ እንስራ ነው እንበል። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራውን ይህን ዓይነት ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ ብዙ አልተቀየረም። የተቀየረው ጠጪው ነው። የአዲስ አበባን ቮልስ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር ተቀምጣ፣ የድሮዎቹ እንዲያውም ባለ 6 ቮልት ነበሩ። ቁልፉን ካወጣችሁ በኋላ በዚያች መኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር አልነበረም። ባትሪዋ ብትደክም እንኳ የሰፈር ልጅ ጠርቶ በግፊት ማስነሳት ነው። የዛሬው 911 የዚያችው የቮልስ ዘር ነው፣ ግን ስትቆልፉት ሥራ አያቆምም። ማንቂያው ይጠብቃል፣ የቁልፉ መቀበያ ያዳምጣል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሮቹ የሚያስታውሱትን ይዘው ይጠብቃሉ። መኪናው ቆሟል እንጂ አልተኛም። አውቶማቲክ ማርሽ ያለውን ደግሞ ልግፋ ብትሉም አይነሳላችሁም።

በደንብ የሚሠራ መኪና ተቆልፎ ሁሉም ነገር ከረገበ በኋላ የሚጠጣው በአብዛኛው ከ50 ሚሊአምፔር አይበልጥም። ትንሽ ነው፣ በአንድ ሌሊት ማንም አያስተውለውም። ግን አስሉት። ሚሊአምፔር የአምፔር አንድ ሺህኛ ነው፤ አምፔር-ሰዓት ደግሞ አንድ አምፔር በአንድ ሰዓት የሚጠጣው መጠን። 50 ሚሊአምፔር በ24 ሰዓት 1.2 አምፔር-ሰዓት ነው። በ42 ቀን ከ50 አምፔር-ሰዓት ያልፋል። ባትሪያችሁ 70 አምፔር-ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ ሩብ ያህል ነው የቀረው። ያም ባትሪው አዲስና ሙሉ ከነበረ ነው። አርጅቶ ሰባ በመቶ የሚይዝ ከሆነ 49 ነበረው ማለት ነው፤ እናንተ ከቦሌ ከመነሳታችሁ በፊት አልቋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ባትሪ ግን ቀስ በቀስ እግሩን ያጣል።

ይህ እንግዲህ ጤነኛው ነው። ከዚያ እኛ የምንጨምረው አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ የሚቀርጽ የመስታወት ካሜራ 250 ሚሊአምፔር ቢወስድ በቀን 6 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ባለ 70ውን ባትሪ በ12 ቀን ባዶ ያደርገዋል። በዚያ 911 ውስጥ ያገኘሁት ሌላ ነበር። ከመሪው ሥር፣ መካኒክ ኮምፒውተሩን በሚሰካበት ቀዳዳ ላይ አንዲት ክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ ተሰክታለች። አነዳዱን እየመዘገበች ኢንሹራንስ የምታስቀንስ ናት። ያ ቀዳዳ መኪናው ቢቆለፍም ኤሌክትሪክ አይቋረጥበትም፤ ስለዚህ በዓመት የሚቀነሰውን ገንዘብ በአንድ ባትሪ ከፈለ። መስታወት ላይ ስለምንለጥፋት የመንገድ ክፍያ ዕቃ ግን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ኢዚፓስ የራሱ ባትሪ አለው፣ ከመኪናው አይጠጣም፣ ተዉት።

ያለ ቁልፍ በሚከፈቱት መኪኖች ላይ ደግሞ ሌላ ሌባ አለ፤ ራሱ ቁልፉ። ቤታችሁ ከመኪናው ማቆሚያ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ከሆነና ቁልፉን እዚያው በር ላይ ካንጠለጠላችሁት፣ አንዳንዱ መኪና ባለቤቱ መጣ ብሎ ደጋግሞ ይነቃል። ቁልፉን ወደ መኝታ ቤት ውሰዱት፤ ትርፍ ቁልፉንም አብራችሁ አርቁት።

አሁን የምወደውም የምጠላውም ክፍል ላይ ደረስን። የ911ዱ ባለቤት ያለ መፍትሔ አልሄደም ነበር። ለእህቱ ልጅ ቁልፍ ሰጥቶ «በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ እያስነሳህ አሙቅልኝ» ብሎ አደራ አለው። ልጁም አደራውን ጠብቋል፤ ሦስት ቅዳሜ አስነስቷል፣ አራተኛው ላይ አልነሳም አለው። አጎት ልጁን ተቆጣ። እኔ ደግሞ ለልጁ ጠበቃ ሆንኩ፤ ጥፋቱ የትዕዛዙ ነበርና።

ሂሳቡን እንዲህ አሳየሁት። ጤነኛ መኪና በሳምንት 8 አምፔር-ሰዓት ይጠጣል። ሞተሪኖው ራሱ የሚወስደው የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፤ 200 አምፔር ለሁለት ሴኮንድ ቢስብ ከሩብ አምፔር-ሰዓት ያንሳል። ነገር ግን ብርድ ነው፤ ልጁ ገብቶ ማሞቂያውን፣ የኋላ መስታወቱን፣ መቀመጫውን፣ መብራቱን ይከፍታል። ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር ዲናሞው ከሚያመነጨው እነዚህ ሁሉ ተካፍለው ለባትሪው 15 አምፔር ተረፈ እንበል። በአሥር ደቂቃ 2.5 አምፔር-ሰዓት ነው። ከዚያ መኪናው ሲቆለፍ ኮምፒውተሮቹ ወዲያው አይረግቡም፤ እንደ መኪናው ከሃያ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነቅተው ይቆያሉ፣ በዚያም ጊዜ የሚጠጡት በሚሊአምፔር ሳይሆን በአምፔር ነው። ካመጣው ገሚሱን እዚያው ጨረሱት። ስምንት እየወጣ አንድ ተኩል የሚገባበት ቤት እንዴት ይቆማል?

በዚያ ላይ ሞተሩ ይጎዳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። ሞተሩ በደንብ ከጋለ በእንፋሎት ይሄዳል፤ አሥር ደቂቃ ብቻ የሠራ ቀዝቃዛ ሞተር ግን ውሃውን በጭስ ማውጫውና በዘይቱ ውስጥ ይዞት ይቀራል። ስለዚህ የእህታችሁን ልጅ ከምታስለፉት ወይ ግማሽ ሰዓት ከዚያም በላይ አውራ ጎዳና ላይ እንዲነዳው ፍቀዱ (አውቃለሁ፣ አትፈቅዱም)፣ ወይ ጨርሶ አይንካው።

ባትሪው ባዶ ሆኖ ሲቆይ ውስጡ ምን እንደሚሆን በአጭሩ ልናገር። ሲራገፍ በእርሳሱ ሳህኖች ላይ እርሳስ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይፈጠራል። ቶሎ ከተሞላ መልሶ ይሟሟል። ለሳምንታት ከቆየ ግን በውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ግማሽ ነው። አሲዱም ወደ ውሃነት ስለሚጠጋ በረዶ ይይዘዋል። ሙሉ ባትሪ የቨርጂኒያን ክረምት ከቁብ አይቆጥረውም፤ የተራገፈው ግን ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ላይ ይረጋል፣ ቅርፊቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጎኑ ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ቻርጀር እንዳታስነኩት። ሐምሌና ነሐሴ የምትሄዱትም አታመልጡም፤ ሙቀት ባትሪው ማንም ሳይጠጣው በራሱ የሚያፈሰውን ያፋጥነዋል፣ ዕድሜውንም የሚቆርጠው ከብርድ ይልቅ ሙቀት ነው። ብርድ አስቀድሞ የተጎዳውን ያጋልጣል እንጂ።

መፍትሔው ለአብዛኞቻችሁ አንድ ነው፤ ከግድግዳ የሚሰካ ባትሪ ጠባቂ ቻርጀር። ፌራሪ መኪናውን ሲያስረክብ ይህን ዕቃ አብሮ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከድሮው ዝም ብሎ ከሚያፈሰው ቻርጀር ለዩት። ያኛው ባትሪው ቢሞላም መግፋቱን አያቆምም፤ በሳምንታት ውስጥ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል። አዲሱ እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ከፍ አድርጎ ይሞላል፣ ከዚያ 13.6 ገደማ ላይ ወርዶ መኪናው የጠጣውን ብቻ እየተካ ይቀመጣል። ወር ሙሉ ብትተዉት አይከፋውም። ከ911 ዘር ያላችሁ በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ በኩል መሰካት ትችላላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ግን መኪናው ተቆልፎ ያ ቀዳዳ ኤሌክትሪክ እንዳለው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አለዚያ ቻርጀሩ ማንንም ሳይመግብ ይሰነብታል። በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ ትንሽ መለኪያ ያለው መኪና ከሆነ የቻርጀሩን ጥቁር ገመድ በባትሪው ራስ ላይ ሳይሆን በመኪናው አካል ብረት ላይ ያዙት፤ መለኪያው የገባውን እንዲቆጥር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሊቲየም ባለቤቶች። ፖርሽ ለ911 ጂቲ3 ሊቲየም ባትሪ ሲያቀርብ ክብደቱ ከ6 ኪሎ በታች ነበር፣ ከተለመደው ከ10 ኪሎ በላይ የቀለለ። ለሩጫ ድንቅ ነው። የሚይዘው ግን 18 አምፔር-ሰዓት ነበር፤ ከላይ ያሰላነውን 1.2 አስታውሱና ስንት ቀን እንደሆነ ራሳችሁ አካፍሉት። የሊቲየም ቻርጀር የራሱ ነው፤ የእርሳሱን በተለይም «ማደሻ» የሚል አዝራር ያለውን አታገናኙበት።

መሰኪያ የሌላችሁስ? መንገድ ላይ የምታቆሙ፣ ወይም ሕንፃው የማይፈቅድላችሁ። የእናንተ መድኃኒት ባለ 10 ሚሊሜትር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ነው። ኔጌቲቩን ፈታችሁ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከባትሪው ታርቁታላችሁ። ዋጋ አለው። ማንቂያው አይሠራም፣ ሬዲዮው ኮድ ሊጠይቅ ይችላል፣ የበር መስታወቶቹም የት ድረስ እንደሚወጡና እንደሚወርዱ እንደገና መማር ይፈልጋሉ። እኛ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለን ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለብን፤ ባትሪው ሲፈታ የመኪናው ኮምፒውተር የራሱን ፍተሻ መዝገብ ያጠፋል፣ እስኪሞላም ለቀናት መነዳት አለበት። ከአውሮፕላን ወርዶ በማግስቱ ለምርመራ የሄደ ሰው ሳይመረመር ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ኮፈናችሁ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ ባትሪውን ፈትታችሁ ኮፈኑን ቀጭ አድርጋችሁ እንዳትዘጉት! ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ በየቀኑ መስታወት ፊት አየዋለሁ።

ስለ በር ካነሳሁ ለኮርቬት ባለቤቶች አንድ ነገር አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2013 የተሠሩት በሮቻቸው ከውስጥም የሚከፈቱት በአዝራር ነው። ባትሪው ድንገት ቢሞት አዝራሩ አይሠራም። ከመቀመጫው አጠገብ ወለሉ ላይ በእጅ የምትሳብ እጀታ አለች፤ ዛሬ ስትወጡ በእጃችሁ ዳስሷት፣ አጠገባችሁ ለሚቀመጠውም አሳዩት። ይህችን እጀታ ባለማግኘት ሕይወቱ ያለፈ ሰው ስላለ ነው እንዲህ የማጠብቀው።

ከመሄዳችሁ በፊት መኪናችሁ ስንት እንደሚጠጣ ማወቅ ከባድ አይደለም። መልቲሜትሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ በ10 አምፔር ቦታ አድርጋችሁ በተፈታው ኔጌቲቭና በገመዱ መካከል ታስገባላችሁ። የበሩን መያዣ በካቻቢቴ ቀጭ አድርጉትና የተዘጋ ይመስለው፤ መብራቱ ይጠፋል። ከዚያ ቡና አፍሉ። የምሬን ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር 3 ወይም 5 አምፔር ቢሆን አትደንግጡ፣ ኮምፒውተሮቹ አልረገቡም። ሁለተኛው ቡና ላይ ስትመለሱ 0.03 ወይም 0.05 ካያችሁ በሰላም ሂዱ። 0.3 ላይ ከቆመ አንድ ነገር አልተኛም ማለት ነው። ፊውዝ መንቀል አትጀምሩ፤ ስትነቅሉና ስትመልሱ የተኛውን ሁሉ ትቀሰቅሱታላችሁ። መልቲሜትሩን ወደ ሚሊቮልት አዙሩና በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ብረቶች ንኩ፤ ዜሮ ያልሆነው እሱ ነው። ሚሊአምፔር ለመለካት ትዕግሥት የሌለው ሰው ቢያንስ ቮልቱን ይለካ፤ መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ 12.6 ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ። በ12.2 አገር ቤት የሚሄድ ሰው በግማሽ ታንክ በረሃ እንደሚገባ ነው።

ሄዳችሁ ስትመለሱ ሞቶ ካገኛችሁት ደግሞ ከሌላ መኪና አስነስታችሁ «ስነዳው ይሞላል» አትበሉ። ዲናሞ የተሠራው ጥቂት የጎደለውን ለመተካት ነው፤ ባዶ ባትሪ እስኪሞላ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፣ ዲናሞውም ሊቃጠልበት ይችላል። ባትሪውን አውጥታችሁ በትንሽ አምፔር ሌሊቱን ሙሉ ሙሉት። የግድ ከሆነባችሁና ገመድ ካገናኛችሁ የመጨረሻዋን ጥቁር ጫፍ ከባትሪው ራቅ ባለ ባዶ ብረት ላይ ያዟት፤ ባትሪ ጋዝ ያወጣል፣ ብልጭታ አይወድም።

ያ የ911 ባለቤት ባለፈው ታኅሣሥ ደወለልኝ፤ በዚህ ጊዜ ከመሄዱ በፊት። የኢንሹራንሷን ዕቃ ነቅሎ ኪሱ ከቶ፣ ሕንፃውን አስፈቅዶ ቻርጀር ሰክቷል። «አረንጓዴው በርቷል፣ ሌላ ምን ላድርግ?» አለኝ። መሰኪያው ላይ «እባክዎ አይንቀሉ» የሚል ወረቀት እንዲለጥፍ ነገርኩት፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለጥፎ ሄደ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ። መልቲሜትሩን ይዤ መጥቻለሁ፤ የፈለገ ከእኔ ጋር ይውጣና እንለካለን። በሚያታዋ እንጀምር፤ ባትሪዋ ትንሽ ናት፣ ያለችውም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፣ ያ ሽፋን ሥር ደግሞ ስንት ሳምንት እንደቆየች ባለቤቷ ሊነግረኝ አልፈለገም።